የሳህን አጣቢው ጋዜጣ

የ2014 ዓ.ም. የገና ዕለት ማታ ነው። ዶሮው ተበልቷል፤ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል፤ እኛ ዕድሜያችን የገፋው ደግሞ ከሆዳችን ጋር እየታገልን ሶፋው ላይ ተዘርግተናል። የወንድሜ ልጅ እንደ ልማዱ ስልኩ ላይ አፍጦ ቆይቶ ድንገት ቀና አለና፣

“ጋሼ፣ አንድ የድሮ አክተር ሞተ ይላል” አለኝ።

“ማን?”

“ሲድኒ ፖይቲየር።”

ከተዘረጋሁበት ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴም ከረከቦቱ ቀና ብላ አየችኝ።

“ምነው፣ የምታውቀው ሰው ነው እንዴ?” ይለኛል ልጁ።

እንግዲህ ለዚህ ምን መልስ አለው? አውቀዋለሁ ብል ውሸት ነው፤ አላውቀውም ብል ደግሞ የባሰ ውሸት ሆነብኝ። “94 ዓመቱ ነበር እኮ፤ ምን ያስደነግጥሃል?” አለ ደግሞ ሊያጽናናኝ። ዕድሜ የጠገበ ሰው ሲሞት አይታዘንም ያለው ማነው?

እናላችሁ፣ ልጁ ወዲያው ወደ ሌላ ወሬ ተሻገረ፤ እኔ ግን ያን ሌሊት ስለ ሁለት ሰዎች ሳስብ አደርኩ። አንደኛው ከአንድ ቀን በፊት፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 2022፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያረፈው ፖይቲየር ነው። ሁለተኛው ከሃያ ዓመት በፊት ተከራይቼ በኖርኩበት ግቢ ዘበኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው? ታገሱኝማ።

ፖይቲየርን መጀመሪያ ያየሁት በልጅነቴ፣ ታላቅ እህቴ እጄን ይዛ ሲኒማ ቤት የወሰደችኝ ዕለት ነው። ፊልሙ “ቱ ሰር ዊዝ ላቭ” ይባላል። ከጉያና የመጣ ጥቁር መሐንዲስ በሙያው ሥራ ሲያጣ፣ ለንደን ምሥራቁ ክፍል፣ የድሆች ሰፈር ውስጥ፣ ማንም አልቻላቸውም የተባሉ ጎረምሶችን ሊያስተምር ይገባል። መጨረሻው ላይ ተማሪዎቹ ሲሰናበቱት የእህቴ እንባ ዱብ ዱብ ይላል። እኔን የመሰጠኝ ክራቫቱ ነበር። ልብሱ ላይ አንዲት ጭምድድ የለችም፤ ሲናደድ እንኳ ቀጥ ብሎ ነው የሚናደደው። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል ደረቴን ነፍቼ ስሄድ እናቴ “ይኼን ልጅ ጀርባውን አመመው እንዴ?” ትል ነበር።

ያን ጊዜ አሜሪካዊ ነው ብለን ደመደምን። ከአሜሪካ ሌላ አክተር ከየት ይመጣል?

ለነገሩ አሜሪካዊነቱም የአጋጣሚ ነው። ወላጆቹ ሬጂናልድና ኤቭሊን የባሃማስ ሰዎች ናቸው፤ ካት አይላንድ በምትባል ደሴት ቲማቲም እያመረቱ ይኖራሉ። ቲማቲሙን ማያሚ ወስደው ሊሸጡ በሄዱበት፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1927፣ ልጁ ከቀኑ ሁለት ወር ያህል ቀድሞ ከች አለ። ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። ይተርፋል ያለ አልነበረም። አባትዬው የጫማ ካርቶን ይዞ መጣ፤ ለሬሳ ሳጥን። አትፍረዱበት፤ ልጅ መቅበር ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረም። እናት ግን እምቢ አለች። ተነሥታ ጠንቋይ ቤት ሄደች። ጠንቋይዋም “ይተርፋል፤ ከነገሥታት ጋርም ይራመዳል” ብላ እንደነገረቻት ፖይቲየር በሕይወት ታሪኩ ያወራል። የእኛ እናቶችም ቢሆኑ ያው ነበር የሚያደርጉት፤ ቢበዛ ጠበል ይጨምሩበታል።

ደሴቲቱ ላይ መብራት የለም፣ ቧንቧ የለም፣ መኪና የለም። ኋላ ፍሎሪዳ “የባሃማስ ቲማቲም አላስገባም” ስትል ኑሮው ተናጋና ቤተሰቡ ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ናሳው ተሰደደ። ልጁ አሥር ዓመቱ ነበር። መኪና ያየው እዚያ ነው። ፊልምም ያየው እዚያ ነው። የካውቦይ ፊልም ነበር። ሲያልቅ ሮጦ ሲኒማ ቤቱ ጓሮ ዞሮ ቆመ፤ ላሞቹና ፈረሶቹ ሲወጡ ሊያይ! (በእኛም ሰፈር ከስክሪኑ ኋላ ዞሮ የሞተውን ሽፍታ የፈለገ ልጅ ነበር። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ አሁን ጋዜጣ ላይ ይጽፋል።)

ትምህርቱን አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላው አቆመ። በ15 ዓመቱ ማያሚ ወዳለው ታላቅ ወንድሙ ተላከ፤ ጥቁር መሆኑን በወጉ የነገሩት እዚያ ነው። ካት አይላንድ ላይ ሰው ሁሉ ጥቁር ስለነበረ ማንም ጥቁር አልነበረማ! ለአንድ ሱቅ ዕቃ እያመላለሰ ሲሠራ፣ ወደ አንዲት ነጭ ሴትዮ ቤት ይሄድና የፊት ለፊቱን በር ያንኳኳል። ሴትዮዋ “በጓሮ ዙር” ትለዋለች። ልጁ ነገሩ አልገባውም። እሷ እዚህ ቆማለች፣ እሱ እዚህ ቆሟል፣ ዕቃው እጁ ላይ ነው፤ ጓሮ ምን ይሠራል? ዕቃውን ደጃፏ ላይ ትቶላት ሄደ። ከጥቂት ቀን በኋላ እነዚያ ነጭ ቆብ የሚያጠልቁት የኩ ክሉክስ ክላን ሰዎች ወንድሙ ቤት ድረስ ሊፈልጉት መጡ።

ከዚያማ ማያሚ አልተመቸውም። እ.ኤ.አ. በ1943 ኒውዮርክ ሲደርስ 16 ዓመቱ ነበር፤ ኪሱ ውስጥ ጥቂት ዶላር፣ ላዩ ላይ የሞቃት አገር ልብስ። ሥራው ሳህን አጠባ፣ ማደሪያው የአውቶቡስ ተራ መጸዳጃ ቤትና የሰው ጣሪያ። ክረምቱ ሲጠናበት ዕድሜውን ዋሽቶ ወታደር ቤት ገባ። ከዚያም ወጥቶ ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

አንድ ቀን “ሳህን አጣቢ ይፈለጋል” የሚለውን ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ሲፈልግ፣ በሌላው ገጽ “ተዋናዮች ይፈለጋሉ” የሚል አየ። ይፈለጋሉ ካሉ ምን ቸገረኝ ብሎ ሃርለም ወደሚገኘው አሜሪካን ኒግሮ ቲያትር ሄደ። ጽሑፍ ሰጡት። የማንበብ ችሎታው የሁለተኛ ክፍል ልጅ ያህል ነው፤ ፊደል በፊደል እየተደናቀፈ ጀመረ፤ ያውም በዚያ በደሴት ዘዬው። ኃላፊው አንገቱን ይዞ ወደ በሩ ገፋው። “የሰው ጊዜ አታባክን፤ ሂድና ሳህን አጣቢነት ነገር ፈልግ” ዓይነት ነገርም አከለለት።

ወደ አውቶቡሱ ሲሄድ አንድ ነገር ገረመው ይላል። ሳህን አጣቢ መሆኔን አልነገርኩትም፤ በምን አወቀ? ግንባሬ ላይ ተጽፏል እንዴ? አክተር ለመሆን የወሰነው ያን ዕለት ነው። ቲያትር ወድዶ እንዳይመስላችሁ፤ ሰውየው ትክክል አለመሆኑን ለማሳየት ነው። በእልህ የሚሠራ ሥራ ብዙ ጊዜ ሰው ያበላሻል፤ እሱን ግን ሠራው።

ሬዲዮ ገዛ። ማታ ማታ አንድ የታወቀ ዜና አንባቢ የሚለውን እየተከተለ አፉን አለማመደ። እነሱ ዜና ያነባሉ፣ እሱ እንደ ማሚቶ ይመልሳል። ወራት ፈጀበት። በኋላ ዓለም ሁሉ የወደደው ያ ጥርት ያለ ንግግር ከእናቱ ቤት የመጣ አይደለም፤ ከሬዲዮ ነው። አፍህን ካልቀየርክ እንጀራ የለህም ሲባል የቀየረ ሁሉ፣ የቀየረው ነገር ውስጥ አንድ የራሱ ነገር እንደሚቀርበት ያውቃል።

ማንበቡ ግን በሬዲዮ አይገኝም። እዚህ ላይ ነው ያ ሽማግሌ የሚመጣው።

ፖይቲየር ኩዊንስ በሚባለው የኒውዮርክ ክፍል አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ያጥባል። ሌሊት ደንበኛው ሁሉ ሲያልቅ አስተናጋጆቹ ወጥ ቤቱ አጠገብ ተቀምጠው እራታቸውን ይበላሉ፤ እሱ የመጨረሻዎቹን ሳህኖች እየጠበቀ ጋዜጣ ይዞ ይቀመጣል። ካስተናጋጆቹ አንዱ፣ በዕድሜ ገፋ ያለ አይሁዳዊ፣ መጣና “ጋዜጣው ምን ይላል?” አለው። አስቡት እንግዲህ። ስንቶቻችን ነን “ይኼው የተለመደው ነው” ብለን የምናልፈው! ልጁ ግን እውነቱን ተናገረ፤ ልነግርህ አልችልም፣ በደንብ ማንበብ አልችልም አለ። ሰውየው “ከአንተ ጋር ላንብ?” አለው።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ፣ ሥራ ሲያልቅ፣ ሁልጊዜ አብረው ተቀመጡ። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ትሪ ሲሸከም የዋለ ነው፤ እግሩ አብጦ ይሆናል፤ ቤቱ ሚስት ትጠብቀው ይሆናል። ቁጭ ይላል። ነጠላ ሰረዝ ለምን እንደተፈጠረች፣ ረዥም ቃል እንዴት እንደሚቆራረጥ፣ ያላወቁትን ቃል ከጎረቤቶቹ ቃላት እንዴት እንደሚገምቱት። ሳምንታት። ክፍያ የለ፣ ምስክር ወረቀት የለ።

ይህንን ያነበብኩት ፖይቲየር እ.ኤ.አ. በ2000 ካሳተመው መጽሐፍ ላይ ነው። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት፣ ሽፋኑ የተላላጠ ነበር። እዚያ ገጽ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው በ1994 ዓ.ም. ነው። አባባ እላቸዋለሁ፤ ስማቸውን እዚህ አላነሣም። ስልሳን ያለፉ፣ ካፖርታቸው እንደ አሮጌ አንሶላ የሳሳ፣ ዱላቸው ግን የምታብረቀርቅ ዘበኛ። ልጃቸው ቤሩት ናት። ደብዳቤ በሰው በሰው ይመጣል፤ እኔ ከሥራ ስገባ በሩን ይከፍቱልኛል፣ ከዚያ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ገብተው ያወጡታል።

“ልጄ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ።”

አነብላቸዋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት። “ለጤናዬ ደህና ነኝ” የሚለው ላይ ስደርስ “ተመስገን” ይላሉ፤ ሁልጊዜ፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ እንደ ዲያቆን።

አንድ ቀን ደብዳቤው ሌላ ሆነብኝ። “ማዳሜ ስድስት ወር ደመወዜን አልሰጠችኝም። ፓስፖርቴን ይዛብኛለች። ሌሊት አላስተኛ ብላኛለች፤ አባዬ ምን ላድርግ?” ይላል። ዓይኔ ቀድሞኝ አነበበ፤ አፌ ግን ቆመ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ። ምን ልበል? ከዘበኛ ደመወዝ ላይ ምን ሊያደርጉላት? ቤሩት ሄደው ሊከሱ ነው? ዘለልኩት። “ለጤናዬ ደህና ነኝ፣ ሰላምታዬን አቅርቡልኝ” ብዬ ጨረስኩ።

“ተመስገን” አሉ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ዕለት ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። የሚቀጥለውንም እንዲሁ አደረግሁ። የሚቀጥለውንም።

ወደ ፖይቲየር ልመለስና። የሚገርማችሁ፣ ኒውዮርክ ከገባ በኋላ ለወላጆቹ ስምንት ዓመት ያህል አንዲት ደብዳቤ አልጻፈም። ባዶ ፖስታ መላክ አፈረ። ከውጭ የሚጻፍ ደብዳቤ ውስጥ ገንዘብ መኖር አለበት፤ ይኼን ሕግ ማን እንዳወጣው እንጃ፣ ባሃማስም እዚህም ይሠራል። አዲስ አበባ ውስጥ “ልጄ ጠፋ” ብለው ጥቁር የለበሱ እናት አውቃለሁ፤ ልጁ በሕይወት ነበር፤ የሚልከው አጥቶ ነው ዝም ያለው። ፖይቲየር ወደ ናሳው የተመለሰው “ኖ ዌይ አውት” በተባለው የመጀመሪያ ትልቅ ፊልሙ ሐኪም ሆኖ ከሠራና ኪሱ ውስጥ ገንዘብ ከገባ በኋላ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1950 ወጣ። የባሃማስ ቅኝ ገዢዎች “ይኼ እዚህ አይታይም” ብለው አገዱት፤ ሕዝቡም ተቃውሞ አነሣ። የገዛ አገሩ ልጅ ሐኪም ሆኖ ቢታይ ምን ይጎዳል? እነሱ ግን ምን እንደሚጎዳ ያውቁ ነበር።

የሚቀጥለው ደግሞ ደቡብ አፍሪካ የተሠራ ፊልም ነው። አፓርታይድ በሕግ በጸናበት ጊዜ ጥቁር አክተር በነፃነት ሊገባ ስለማይችል፣ እሱና ካናዳ ሊ የተባለው የሥራ ባልደረባው የዳይሬክተሩ የኮንትራት አገልጋዮች ተብለው ነው የገቡት። በወረቀት አሽከር፣ በካሜራ ፊት ቄስ።

ይኼ ሁሉ ሆኖ ኑሮው ገና አልተደላደለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ አንድ ፊልም ቀረበለት፤ በሳምንት 750 ዶላር። ገጸ ባሕሪው የጽዳት ሠራተኛ ነው፤ ክፉዎች ዝም እንዲል ያስፈራሩታል፤ ልጁን ገድለው ግቢው ውስጥ ይጥሉበታል፤ እሱም ዝም ይላል። ፖይቲየር አልሠራም አለ። ልብ በሉ፣ ሁለተኛ ልጁ ልትወለድ ነው፣ የሆስፒታሉን ከፍሎ መውጣት አለበት። የቤት ዕቃውን መያዣ አድርጎ 75 ዶላር ተበደረ። ወኪሉ ለምን እንደሆነ ቢጠይቀው ወዲያው አልነገረውም። ኋላ ግን ምክንያቱን ተናገረ፤ እኔ አባት አለኝ፣ ቲማቲም አምራች፣ ድሃ፤ ልጁ ተገድላ ዝም የሚል አባት ግን አይደለም ነው ነገሩ።

እኔ ይኼን ሳነብ ከኦስካሩ የበለጠ የገረመኝ ይኼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 “ሊሊስ ኦቭ ዘ ፊልድ” ለተባለው ፊልም ኦስካር ወሰደ፤ በዋና ተዋናይነት የመጀመሪያው ጥቁር ሰው። ያው ዓመት በነሐሴ ግን ጓደኛው ሃሪ ቤላፎንቴ (ያ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ “ዊ አር ዘ ወርልድ” የተባለውን መዝሙር ሐሳብ ያመነጨው፣ ራሱም አገራችን ድረስ የመጣው) ደወለለት። ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁሮችን ለምርጫ የሚያስመዘግቡት ወጣቶች ገንዘብ አልቆባቸዋል። ሁለቱ 70 ሺህ ዶላር በቦርሳ ይዘው ግሪንውድ ወደምትባል ከተማ ሄዱ። በሌሊት ከአየር ማረፊያው ሲወጡ የክላን መኪኖች ተከተሏቸው፤ ከኋላ እየገጩ አባረሯቸው። ኦስካር ይዞ ቢሆን ይለቁት ነበር ትላላችሁ?

ከዚያ ወዲህ ወደ ደቡቡ ላለመመለስ የማለ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው “ኢን ዘ ሂት ኦቭ ዘ ናይት” ታሪኩ ሚሲሲፒ ውስጥ ነው፤ የተቀረጸው ግን አብዛኛው ሰሜን፣ ኢሊኖይ ውስጥ ነው። አንድ ባለ እርሻ ነጭ ሽማግሌ በጥፊ ሲመታው እሱም ወዲያው መልሶ ሲያቀምሰው የምናየው እዚያ ላይ ነው። ያን ጊዜ ጥቁር በፊልም ላይ ይመታል እንጂ አይመልስም። በዚያው ዓመት “ቱ ሰር ዊዝ ላቭ” እና “ገስ ሁስ ካሚንግ ቱ ዲነር” ወጡ። ሦስት ፊልም በአንድ ዓመት፣ ሦስቱም ቤት ሞልተው። ከነጭ ከጥቁር ሆሊውድ ውስጥ የእሱን ያህል ገበያ ያለው አልነበረም።

ታዲያ በዚያው ዓመት ነው የገዛ ወገኑ የመጣበት። ክሊፎርድ ሜሰን የተባለ ጥቁር ጸሐፊ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ነጮች ይኼን ሰው ለምን እንዲህ ወደዱት ብሎ ጠየቀ። ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ሁልጊዜ ታጋሽ፣ ሚስት የለው፣ እኩይ ሐሳብ የለው፤ ነጭ እንዳይደነግጥ የተሠራ ቅዱስ። ቀደም ሲልም እ.ኤ.አ. በ1958 በወጣው “ዘ ዲፋያንት ዋንስ” ላይ ከነጩ እስረኛ ጋር በሰንሰለት ታስሮ ያመልጥና፣ መጨረሻ ላይ ነጩ ባቡሩን መያዝ ሲያቅተው እሱ ነፃነቱን ትቶ ይዘልለታል። ነጮቹ ሰፈር ያለው ተመልካች ልቡ ተነካ፤ ሃርለም ያለው ግን “ምን ዓይነት ጅል ነህ፣ ተመለስና ባቡሩ ላይ ውጣ!” እያለ ጮኸበት ይባላል።

እኔ እንግዲህ ክራቫቱን ስወድ ያደግሁ ነኝ፤ በመጀመሪያ ይኼ ትችት አናደደኝ። ኋላ ግን አሰብኩት። የፊልሞቹ ጸሐፊዎች ለአሜሪካ የጥቁሩን ደብዳቤ እያነበቡላት ነበር፤ “ለጤናዬ ደህና ነኝ” የሚለውን ብቻ እየመረጡ። የቀረውን እየዘለሉ። አንባቢው ማን እንደሆነ፣ ማን ዓይኑን ጨፍኖ “ተመስገን” እንደሚል አስቡት። ፖይቲየርም ይኼን ያወቀው ይመስለኛል። ብቻውን ነበራ! ለሁሉም ጥቁር አንድ ሰው ሲቆም፣ ያ ሰው ሌባ ሆኖ መተወን እንኳ አይፈቀድለትም። በ70ዎቹ ከካሜራው ፊት ወደ ኋላው ዞሮ ራሱ ማዘጋጀት ጀመረ፤ “አፕታውን ሳተርዴይ ናይት” የተባለው ቀልድ የእሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ያዘጋጀው “ስተር ክሬዚ” ደግሞ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ቅዱሱ ሰው ሕዝብ ሲያስቅ ከረመ ማለት ነው።

ኋላ ክብሩ ተከታተለ። የእንግሊዟ ንግሥት ናይትነት ሰጠችው፤ ጠንቋይዋ ያለችው ደረሰ። ከ1997 እስከ 2007 በጃፓን የባሃማስ አምባሳደር ነበር። ማርች 24 ቀን 2002 የክብር ኦስካር ሲቀበል፣ በዚያው ምሽት ዴንዘል ዋሽንግተንና ሃሊ ቤሪም አሸነፉ። ናሳው ውስጥ ድልድይ በስሙ ተሰይሟል።

ያን አስተናጋጅ ግን ዳግም አላገኘውም። ሥራ ቀይሮ ሄደ፤ አንዱ ከሌላው ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2013 በቴሌቪዥን ስለ እሱ ሲጠየቅ፣ ያ ቀጥ ብሎ የሚናደደው ሰው ዓይኑ እንባ አቀረረ። 86 ዓመቱ ነበር። ሳላመሰግነው ነው የቀረሁት ማለቱ ነበር።

አባባም አንድ ማታ በሩን ከከፈቱልኝ በኋላ አልዘጉትም፤ ይዘውት ቆሙ።

“ልጄ፣ ፊደል ታሳየኛለህ?”

“ፊደል?”

“በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ‘መ’ ድረስ ደርሼ ነበር። ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ እርሻ ገባን፣ ተረሳ።” ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ጨመሩ፤ “የልጅቱ ደብዳቤ ሁለት ገጽ ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቷል። አንተ ስታነበው ግን ያጥራል።”

ምንም ቁጣ የለበትም ድምፃቸው። እኔ ግን ጆሮዬ ጋለ።

“እሺ አባባ፣ ቅዳሜ እንጀምራለን” አልኩ።

ቅዳሜ ለቅሶ ነበረብኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰርግ። በሦስተኛው ቅዳሜ ምንም አልነበረብኝም፤ ተኛሁ። ልብ በሉ፣ እኔ ትሪ ተሸክሜ አልዋልኩም። ደጄ ላይ ነበሩ፤ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ደግሞም እውነቱን ልናገርና፣ ፊደሉን ከለዩ በኋላ ካፖርታቸው ውስጥ ያሉትን የድሮዎቹን ደብዳቤዎች አውጥተው እንደሚያነቡ ገብቶኛል።

ልጅቱ ከዓመት በኋላ ከስታ ጠቁራ በሕይወት መጣች፤ አባባም ሥራቸውን ትተው ይዘዋት አገራቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

የማልረሳው ግን ከዚያ በፊት የሆነውን ነው። አንድ ቅዳሜ፣ ስንተኛው ቅዳሜ እንደሆነ እንጃ፣ ሐፍረቱ ሲበዛብኝ ከገበያ የፊደል ገበታ ገዝቼ፣ ጠቅልዬ ይዤ መጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ላንኳኳ ስል ከውስጥ የልጅ ድምፅ ሰማሁ። የጎረቤቱ ልጅ ነው፤ አራተኛ ክፍል ቢሆን ነው። በክፍተቱ አየኋቸው። አባባ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል፣ ዱላቸው ጉልበታቸው ላይ። ልጁ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ወረቀቱን ይዟል፤ ጣቱን መስመሩ ላይ እየጎተተ ያነባል።

“ማ...ዳ...ሜ... ስድ...ስት... ወር... ደመ...ወዜን...”

አንድም ቃል አልዘለለም። መዝለልን ገና አልተማረም። አባባ ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ ወረቀቱን ነው የሚያዩት።

እስኪጨርሱ ውጭ ቆምኩ። ከዚያ አንኳኳሁ። ተነሥተው በሩን በሰፊው ከፈቱልኝ።

“ደህና ዋልክ ልጄ?”

“ደህና ዋሉ አባባ።”

በብብቴ የያዝኩትን ጥቅልል አዩት።

“ምን ይዘሃል?”

“ምንም አይደል፣ የልጆች ነው” ብዬ ገባሁ።